በጠፋው ጥቅል ላይ የተቀመጠ አውጫጭኝ

ወሬ እወዳለሁ። ይህን ቀድሜ ካልተናገርኩ የሚከተለው ሁሉ ፈጠራ ይመስላል። ሐሜት ማለቴ አይደለም፤ ሐሜት የታወቀ ነገር ነው፣ እኔን የሚያቁነጠንጠኝ ገና ያልታወቀው ነው። የጎረቤት ጭስ ከወትሮው ዘግይቶ ከወጣ፣ ለምን እንደዘገየ ሳላውቅ ቁርሴ አይወርድልኝም። አባቴ፣ "ይህች ልጅ ወንድ ሆና በእኔ ጊዜ ብትወለድ ለዳኝነቱ እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር?" ይሉ ነበር። ያኔ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በንጉሡ ጊዜ ደብረ ታቦር ዙሪያ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ዳኝነቱም መሬቱም ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ደጃፍ ተቀምጦ ዳዊት መድገምና የአላፊ አግዳሚውን ጠብ እየሰሙ በልባቸው መፍረድ ሆነ። እናታችን ልጆች ሳለን ስላረፈች ቤቱ የሦስት ሰው ቤት ነበር፤ እሳቸው፣ እኔ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰው ታናሽ ወንድሜ። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። እንግሊዝኛዬ ለአምስተኛ ክፍል ይበቃል። ለሲኒማ እንደማይበቃ የተረዳሁት በአደባባይ ነው።

በዚያው ትምህርት ቤት ሂሳብ የምታስተምር ጓደኛ ነበረችኝ። ጓደኛ ማለት ያንሳል፤ ፊደል ከቆጠርንበት ቀን ጀምሮ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው፣ የእሷ እናት ሲቆጡ እኔም እደነግጥ ነበር። እሷም ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። ወንድሟና ወንድሜ እኩያ ናቸው፤ ቁመታቸውም እኩል ስለሆነ ሸሚዝ ይዋዋሳሉ። ከኋላ ሳያቸው የቱ የእኔ እንደሆነ የምለየው በአረማመዱ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ የሁለቱም ስም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የጓደኛዬ ወንድም በመጀመሪያው ዙር ነው፣ የእኔ ወንድም በሚቀጥለው። በዚያን ጊዜ የሚወሰደው ወደ ሰሜን ነው፤ ከሰሜን ደግሞ መርዶ እንጂ ሰው ሲመለስ አላየንም። የመጀመሪያው ዙር ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው የጓደኛዬ ወንድም ጠፋ። እናትየው፣ "ሁመራ ለአጨዳ ሄዷል፤ ለእኔም አልነገረኝ" ብለው አለቀሱ። አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አልጋ ሥር አጎንብሰው አይተው፣ ማድቤቱን አይተው ሄዱ። ሰውም አመነ። እኔም አምኜ ነበር፣ ለሁለት ሳምንት ያህል።

ያወቅሁት በወፍጮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር እህል ይዘን ናፍጣ ወፍጮ ቤት መሄድ ልማዳችን ነበር። እነሱ ሦስት ሳሉ በሳምንት ሁለት ቁና ያስፈጩ ነበር። ልጁ ሁመራ ሄደ ከተባለ በኋላም ሁለት ቁና ይዛ መጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሁለት ቁና። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "ምነው፣ እናትሽ በሐዘን ሆዳቸው ሰፋ እንዴ?" ብዬ ቀለድኩባት። ዱቄቱን ከትከሻዋ አውርዳ መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ልጁ ሁመራ አልሄደም፤ ጓዳ ውስጥ ከእህሉ ጎታ ጀርባ ነበር፣ ሰው ሲመጣ እዚያ ኩርምት ብሎ ይቀመጣል። "አንቺ ካወቅሽ ማን ይቀራል?" አለችኝ። ቀጥላም፣ "ወንድሜ ይሙት ብለሽ ማይልኝ" አለች። ማልኩላት። ከልቤ ነበር የማልኩት።

ሲኒማ የጫነችው መኪና የመጣችው ከነፋስ መውጫ በኩል ነው፤ ገሳይ ላይ አንድ ቀን አድራ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ሰው ቀበሌ አዳራሽ እንዲገኝ ተለፈፈ። የአዳራሹ መስኮቶች በቀን በብርድ ልብስ ተጋረዱ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ፣ ጄኔሬተሩ ውጭ መንጣጣት ጀመረ። ፊልሙ ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር የመጣ ነው ተባለ። ሰዎቹ የሚናገሩት ከእኛ መሃል ማንም በማያውቀው ቋንቋ ሆኖ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድምፅ ማጉያውን ለእኔ ሰጠኝ። "ጓዲት መምህርት፣ ያነበብሽውን ለሰፊው ሕዝብ በአማርኛ አሰሚ" አለኝ። ይህ ሰው ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ሰው ሲያናግረው ልክ እንደሚወስድ ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። ከሚጮኹት ይልቅ እሱን ነበር የምንፈራው።

ጽሑፉ ይሮጣል። አንዱን መስመር አንብቤ አማርኛውን እስካገኝለት ሁለተኛው አልፎ ሦስተኛው ደርሷል። ከሦስት ሁለቱን ከራሴ ሞላሁ። በዚያ ላይ የፊልሙ ሰዎች ቤት ሲገቡ ሰላም አይባባሉም፤ ዘው ብለው ገብተው ወሬ ይጀምራሉ። አዳራሹ፣ "ምን ዓይነት ስድ ናቸው?" እያለ ማጉረምረም ሲጀምር ሰላምታውን እኔ ጨመርኩላቸው። "እንደምን ዋላችሁ?" "እግዚአብሔር ይመስገን" አስባልኳቸው። ሊቀመንበሩ ጨለማው ውስጥ አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ወዲያ፣ "ደህና ነን" ብቻ እንዲሉ አደረግሁ።

ታሪኩ ግን ሰውን ያዘ። አገሩ በረዶ ነው፤ ከጋፋት በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ "ይኼን ሁሉ አመዳይ ጉናም አላየ" አሉ። ሁለት አብሮ አደግ ጓደኛሞች አሉ። ጦርነት ይነሳና አንዱ ከጦሩ ጠፍቶ ይመጣል። ሌላኛው ከአሮጊት እናቱ ጋር ብቻውን ይኖራልና ጎተራው ውስጥ ይደብቀዋል። መንደሩ ድልድይ ላይ ቆሞ ወጪ ወራጁን የሚያይ አንድ መኮንን አለ። በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድል ሰውም አለ። በሁለተኛው የፊልም ጥቅል መኮንኑ ደባቂውን ጓደኛ አስጠርቶ ሲያስፈራራው፣ እናቱ ከወፍጮ ዱቄት ስታመላልስ፣ ባለ ብስክሌቱ ጎተራው አጠገብ ቆም ብሎ ሲያይ አየን። ጓደኛዬ ከፊት አግዳሚ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ጨብጣ ተቀምጣለች።

እዚያ ላይ መብራት በራ። ፊልም አሳዩ ሣጥኑን ቢፈትሽ ሦስተኛው ጥቅል የለም፤ ነፋስ መውጫ ረስቶት መጥቷል። ምን ይደረግ፣ አራተኛውን ጀመረልን። አራተኛው ሲጀምር ተደብቆ የነበረው ልጅ እጁን ታስሮ በረዶው ላይ ይነዳል። ጓደኛው አጥር ሥር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። እናቱ በመስኮት ታያለች። ሙዚቃ መጣ፣ ጽሑፍ መጣ፣ አለቀ።

ማን ተናገረበት? ሕዝቡ አልነሳም አለ። ፊልም አሳዩን ከበቡት። "ሦስተኛው ላይ ምን አለ? አንተ መቼም አይተኸዋል" አሉት። አላየውም። ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ያልቅና እሱ ውጭ ነው። ይህን ሁሉ አገር ዞሮ አንድም ቀን አላየውም፣ አሳስቦትም አያውቅም። እኔ ብሆን አብድ ነበር።

ሊቀመንበሩ ተነስቶ፣ "ጓደኛው ከግል ወዳጅነት አገሩን አስቀደመ፤ የፊልሙ ትምህርት ይህ ነው" አለ።

"እሱ መሆኑ በምን ታወቀ?" አሉ የጋፋቱ ሽማግሌ። "አላየነውም። ያልታየ ነገር ደግሞ በአውጫጭኝ ካልሆነ አይወጣም።"

አውጫጭኝ የድሮ የዳኝነት ልማድ ነው። ሌባው ወይም ቤት ያቃጠለው ካልታወቀ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ እያንዳንዱ ሰው እየማለ ያየውን የሰማውን ያወጣል። በግልጽ መናገር የፈራ ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ እነሱም ስሙን ሳይጠሩ፣ "ወፍ እንዲህ አለች" ብለው ለጉባኤው ያወጡታል። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አባቴ በዘመናቸው ከፍየል ሌባ እስከ ነፍሰ ገዳይ ያወጡት በዚህ ነው።

ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨፍግጎ፣ "ይህ የፊውዳሎች ነገር ነው" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ሰዉን አየው። ሰዉ ንቅንቅ አላለም። ይመስለኛል፣ እሱም ማን እንደተናገረ ማወቅ ፈልጎ ነበር። "እንግዲያው ውይይት እንበለው፤ በውይይቱ ሴቶችም እኩል ይናገራሉ" አለ። በአባቴ ጊዜ ሴት አውጫጭኝ ላይ አፏን አትከፍትም ነበር። በሕይወቴ አብዮቱን ከልቤ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከአዳራሹ ጀርባ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። አባቴን ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፣ ሁለት ሽማግሌ አጠገባቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያጋድሙ አሥር ዓመት ወጣት ሆነው ታዩኝ። "ያየህ አውጣ፣ የሰማህ አውጣ፤ ደብቀህ ብትሄድ ይድረስብህ" አሉ። ማንም አልሳቀም። ፊልም መሆኑ የተረሳ መሰለኝ።

አንድ በግ ነጋዴ ተነስቶ ባለ ብስክሌቱ ነው አለ፤ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ብዙ ያያል፣ ብዙ ያየ ደግሞ አንድ ቀን ይናገራል። ሌላው ጓደኛው ራሱ ነው አለ። "ንጹሕ ቢሆን ባርኔጣውን ምን አስወለቀው?" "ለሐዘን ነዋ" አሉት ከኋላ። "የገዛ እጁ ላመጣው ሐዘን" አለ እሱ። አንዲት ጠላ ነጋዴ ተነስታ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝና እናትየዋ ናት" ስትል ሜዳው ተንጫጫ። እናት እንዲህ አታደርግም ተባለ። "የተደበቀው የእሷ ልጅ ነው እንዴ?" አለች ሴትዮዋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "የእሷ ልጅ ደባቂው ነው። የተደበቀው ቢገኝ ልጇም አብሮ ይነዳል። የሰው ልጅ ሰጥታ የራሷን አስቀረች። እኔ አልፈርድባትም።" ይህን ጊዜ ብዙዎቹ እናቶች መሬት መሬት ያዩ ነበር።

አንድ ሰውዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። አባቴ ሰምተው፣ "ወፍ እንዲህ ትላለች፤ ባለ ብስክሌቱ የመኮንኑ አማች ነው" አሉ። የፊልም ሰው አማችነት ከየት እንደተገኘ የጠየቀ የለም። እንዲያውም ሁለት ሰው አረጋገጠ።

እኔ ተቀምጬ እየነደድኩ ነበር። ሁሉም ተሳስተዋል፣ እኔ አውቃለሁ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ሆኖ ያሳክከኛል። ይህን ስሜት የሚያውቀው ያውቀዋል። ተነሳሁ።

"ማንም አልተናገረም" አልኩ። "የተናገረው ዱቄቱ ነው።"

"በምን አወቅሽ?" አሉ አባቴ፣ በዳኛ ድምፃቸው። እንደ ልጃቸው ሳይሆን እንደ ማንኛውም መስካሪ ሲጠይቁኝ ደስታው ናላዬ ላይ ወጣ።

እናትየዋ በሁለተኛው ጥቅል ዱቄት ተሸክማ ድልድዩን ሁለቴ ስትሻገር፣ መኮንኑም በዓይኑ ሲከተላት ማየቴን ተናገርኩ። "መኮንኑ ሞኝ አይደለም" አልኩ። "ቤቱ ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። የሁለት ሰው ቤት በሳምንት ሁለት ቁና አይፈጭም። ሦስተኛ ሆድ አለ ማለት ነው።"

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። የጋፋቱ ሽማግሌ፣ "ይህችን የወለደ ማህፀን ይባረክ" አሉ። እኔ በኩራት ፊቴን ወደ ጓደኛዬ አዞርኩ። ዳንቴል እየሠራች ነበር፤ ኪሮሹ ቆሟል። ያኔ ነው የገባኝ። ፊልሙ ውስጥ ቁና የለም። በሳምንት ስንት እንደምታስፈጭም አንድም ቦታ አልተባለም። ሊቀመንበሩን ፈለግሁት። ሣር እያኘከ ተቀምጧል፣ አላጨበጨበም። የሚያየው ደግሞ እኔን አልነበረም፣ ጓደኛዬን ነበር።

"በቃሽ፣ ተቀመጪ" አሉ አባቴ። ከዚያ ድንገት፣ "ነገሩ አልወጣም፤ ይበተን" ብለው ተነሱ። ሰዉ ቅር አለው፤ አሸንፌ ነበራ።

ወደ ቤት ስንሄድ ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ፣ "ነፍሴን ልታወጪው ነበር" አለችኝ። ቀጥላ፣ "ግን ማንም ልብ አላለም። አይደል?" አለች። "ማንም" አልኳት። ሊቀመንበሩ እንዴት ሲያያት እንደነበር አልነገርኳትም። አባቴ ግን ቤት ስገባ፣ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አሉኝ። ስለ ልጁ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም፤ ከሜዳው ነው ያወጡት፣ እንደ ድሮ ሙያቸው። "አሁኑኑ ሂጂና ልጁን ከዚያ ያሽሹት በያቸው።"

አልሄድኩም። ሄጄ ይህን መናገር ማለት፣ እኔ ነኝ ያጋለጥኩት ማለት ነው። ጓደኛዬ ፊቴን እያየች ስትሰማኝ ታየኝና ፈራሁ። ነገ አልኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ፣ ሳቅሁ፣ አልነገርኳትም። ነገ አልኩ። ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት አንዲት ጎረቤታቸው እየሮጠች መጣች።

አብዮት ጠባቂዎቹ ቤቱን አልፈተሹትም፤ ቀጥ ብለው ጓዳ ገብተው ጎታውን ፈነቀሉት። ልጁ ፀጉሩ ዱቄት ለብሶ ወጣ አሉ። እኔና ጓደኛዬ ስንደርስ ወስደውታል፤ እናትየው ጎታው ሥር የፈሰሰውን እህል በእፍኛቸው ይለቅማሉ፣ ለምን እንደሚለቅሙት እሳቸውም አያውቁም። ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ማነው? ማነው የነገረብን?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኩ።

ወዲያው ታወቀ፣ ማለትም የታወቀ መሰለ። ሊቀመንበሩ ሰኞ ዕለት ባለ ወፍጮውን አስጠርቶ እነዚያ ሰዎች ስንት እንደሚያስፈጩ ጠይቆት ነበር። ምስኪኑም፣ "ሁለት ቁና፣ እንደ ድሮው" ብሎ መልሷል። ሌላ ምን ይበል? ሰፈሩ ግን ባለ ወፍጮውን ጠቋሚ አለው። ሰዉ እህሉን ተሸክሞ እሱን እያለፈ እታች ወዳለው ወፍጮ መሄድ ጀመረ፣ ጓደኛዬም ሰላምታዋን ነሳችው። ግማሽ ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ እኔም አብሬያት እሄድ ነበር። በደጃፉ ሳልፍ እንደ ወትሮው፣ "መምህርት፣ እንደምን ዋልሽ" ይለኛል፤ እኔ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ሊቀመንበሩ ስለ ዱቄት መጠየቅን ከየት አመጣው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ያቺን አንዲት ጥያቄ ማንም እንዳያነሳት ቀን በቀን የምጸልየው እኔው፣ ወሬ ወዳዷ ነበርኩ።

በሳምንቱ ሊቀመንበሩ ትምህርት ቤት መጣ። ከክፍል አስጠርቶኝ ባንዲራው ሥር ቆመን። "የእሑዱ ውይይት ጥሩ ነበር" አለኝ። "ወፍ ስሟ አይጠራም አይደል ደንቡ? አባትሽ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። አይጠራም።" ከዚያ፣ "የወንድምሽን ስም ከሚቀጥለው ዙር አውጥተነዋል፤ ትምህርቱን ይጨርስ" አለ። እኔ ወፍ አይደለሁም ልለው እችል ነበር። የወንድሜን ስም ወደ ቦታው መልሰው ልለውም እችል ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ደስታ ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ነገር ግን ደስታ ነበር። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት።

ለአባቴ ነገርኳቸው። ዳዊታቸውን ዘግተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝም ወደድኩ። "ሂጂ መልሺለት አልልሽም" አሉ በመጨረሻ። "እኔም ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ዝም አይነቅዝም፣ ሆድሽ ይፍጀው።" ከዚያ በኋላ ጎረቤት የተጣላ ጊዜ ለሽምግልና ሲጠሯቸው፣ "ጆሮዬ ደክሟል" እያሉ ቀሩ። ጆሯቸው ደህና ነበር። ከእኔ ይልቅ ይሰማ ነበር።

ጓደኛዬ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ይህ ጥያቄ ለዓመታት ሲበላኝ ኖሯል። ሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ሜዳው ላይ ነበረች፤ ወንድሜ ሳይወሰድ መቅረቱንም አይታለች። ሁለትና ሁለትን መደመር ያቅታታል ብዬ ራሴን አላታልልም። ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። እንደ ወትሮው ሻይ ትገዛልኛለች፣ የተማሪ ደብተር ታግዘኛለች። አንዳንድ ቀን ታውቃለች እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን አታውቅም። እኔ የሰውን ጓዳ በዱቄት የለካሁ ሴት፣ የቅርብ ጓደኛዬን ፊት ማንበብ አቃተኝ።

ወደ ሰሜን የተወሰደው ልጅ መርዶ የመጣው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የት እንደወደቀ የሚናገር ሰው እንኳ አልመጣም፤ ወረቀት ብቻ። ወንድሜ የሟቹን ሸሚዝ ለብሶ ነው ለቅሶ የተቀመጠው፣ ተውሶት ሳይመልስ የቀረውን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚሄደው እነጓደኛዬ ቤት ሆነ። እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ያመጣል፣ አጥር ያጥራል። እናትየውን "እማዬ" ይላቸዋል። እኛ ቤት የጠፋ ቃል ስለነበር ደጋግሞ ሲለው ይጥመው ነበር መሰለኝ። ለምን እንደቀረ ነግሬው አላውቅም፤ እሱም ዕድሉ ነው ብሎ ያምናል።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ተዝካር ወጣ። ቄሶቹ ጸልየው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ቤተ ዘመድ ብቻ ድንኳኑ ውስጥ ቀረን። እኛም እንደ ቤተ ዘመድ ነበርን። ወንድሜ ከእናትየው እግር ሥር ተቀምጧል፣ እሳቸው እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገዋል። አባቴ ከፊታቸው ናቸው። ጓደኛዬ ከእኔ ትይዩ ተቀምጣለች።

እናትየው ሊመርቁ ተነሱ። ያለቀሰላቸውን መረቁ፣ የደገሰላቸውን መረቁ። ከዚያ የወንድሜን ራስ እየዳበሱ፣ "አንዱን ወስዶ አንዱን ተወልኝ" አሉ። "ሁለቱም ተጽፈው ነበር። ይህን ያስቀረልኝን ሰው አላውቀውም፣ አንድ ደግ ሰው ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ለእኔ ልጅ አትርፎልኛል፤ ቤቱን አይፍታበት፣ ጓዳው ይሙላለት፣ የወለደው ይባረክለት።"

"አሜን" አለ ድንኳኑ። አባቴ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ተማሪ መልሱን ሰሌዳ ላይ እስኪጽፍ እንደምትጠብቀው ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

"አሜን" አልኩ።

እሷ አላለችም።